የንግግር ቢጋር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

መድረክ ላይ የተሰናከለ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ በፍርሃቱ ወይም በማስታወስ ችሎታው ያሳብባል። የሌሎችን ንግግር እያደመጥኩ ሳርም የተረዳሁት ግን አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ተናጋሪው አፉን ከመክፈቱ ከብዙ ቀናት በፊት፣ ቢጋሩን (የንግግሩን የሐሳብ ዝርዝርና ቅደም ተከተል የሚያሳየውን ንድፍ) ሲያዘጋጅ ወይም ጨርሶ ሳያዘጋጅ ሲቀር መሆኑን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነሣቸውን ችግሮች የምመረምረው መድረክ ላይ ከሚታየው ምልክት ተነሥቼ ወደ ወረቀቱ በመመለስ ነው።

ምልክት፦ አድማጩ «ጥሩ ንግግር ነበር» ይላል፤ ስለ ምን እንደነበር ሲጠየቅ ግን ይቸገራል።

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ሌሎቹም በአብዛኛው ከእርሱ ይወለዳሉ። መንስኤው ተናጋሪው ርዕስ ይዞ፣ ኃይለ ቃል (ንግግሩ የሚያስተላልፈው ዋና መልእክት) ግን ሳይኖረው መነሣቱ ነው። «ስለ ደም ልገሳ እናገራለሁ» የሚለው ሐሳብ የጉዳዩን ወሰን ያሳያል እንጂ አድማጩ ምን እንዲያምን ወይም ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ አይናገርም። መፍትሄው ምንም ነገር ከመዘርዘር አስቀድሞ የንግግሩን ፍሬ ነገር በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው፤ ለምሳሌ፦ «የተለገሰ ደም ለረጅም ጊዜ ስለማይቆይ ጤናማ ሰው አደጋ እስኪደርስ ሳይጠብቅ በየጊዜው ሊለግስ ይገባዋል»።

ይህ ዓረፍተ ነገር ከተጻፈ በኋላ እንደ ወንፊት ያገለግላል። የሰበሰቡትን መረጃ እያንዳንዱን በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉና ከኃይለ ቃሉ ጋር ያስተያዩት። ቀይ የደም ሕዋሳት ከተለገሱ በኋላ ቢበዛ ለ42 ቀናት ያህል፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) ደግሞ ከ5 እስከ 7 ቀናት ብቻ መቆየታቸው ኃይለ ቃሉን በቀጥታ ይደግፈዋል። ደም ለታካሚ ከመሰጠቱ በፊት መመርመር ስላለበት፣ በአደጋው ዕለት ሕይወት የሚያተርፈው ቀደም ብሎ የተለገሰው ደም መሆኑም እንዲሁ ይደግፈዋል። ሳይንቲስቱ ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 የደም ዓይነቶችን መለየቱን ያሳወቀበት ታሪክ ግን የቱንም ያህል ቢማርክ ለዚህ ኃይለ ቃል አያግዝምና ይወጣል። እዚህ ላይ መጨከን ያስፈልጋል፤ ብዙ ንግግር ከመንገዱ ሲወጣ ያየሁት ተናጋሪው ሊጥለው በሳሳለት መረጃ ምክንያት ነው።

ምልክት፦ ጅምሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ አድማጩ መሀል ላይ ይጠፋል።

አንባቢ ግራ ሲገባው ገጹን መልሶ ይገልጣል፤ አድማጭ ግን ይህ ዕድል የለውም። መንስኤው ከሁለት አንዱ ነው፤ ነጥቦቹ ቅደም ተከተል የላቸውም፣ አለዚያም ዋናውና ንዑሱ ሐሳብ ተደባልቀው በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። ይህን ለመለየት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነጥብ በቢጋሩ ላይ ቦታ አለዋውጠው ያንብቡ። ምንም የሚፋለስ ነገር ከሌለ ነጥቦቹ ተደረደሩ እንጂ አልተያያዙም። ዋና ዋና ነጥቦችን ከሁለት እስከ አራት ይወስኑና በጊዜ ቅደም ተከተል፣ በምክንያትና ውጤት ወይም በችግርና መፍትሄ ሰንሰለት ያያይዟቸው። አድማጩን ለተግባር ለማነሣሣት ከሆነ አሜሪካዊው የንግግር መምህር አላን ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያዘጋጀው ባለ አምስት ደረጃ አካሄድ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ትኩረትን መሳብ፣ የችግሩን አሳሳቢነት ማሳየት፣ መፍትሄውን ማቅረብ፣ መፍትሄው ሲተገበር የሚመጣውን ለውጥ በዓይነ ኅሊና ማሳየት፣ በመጨረሻም አድማጩ ምን እንዲያደርግ እንደሚጠበቅ በግልጽ መጠየቅ ነው።

መሸጋገሪያዎችም በቢጋሩ ላይ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ደም ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ አይተናል፤ ታዲያ በአደጋው ዕለት የሚመጣው ለጋሽ ለምን አይደርስም?» የሚል ጥያቄ አንዱን ክፍል ዘግቶ ቀጣዩን ይከፍታል። «በመቀጠል» የምትለው ቃል ብቻዋን ይህን ልትሠራ አትችልም።

ምልክት፦ ጊዜው ያልቃል፣ ንግግሩ ግን ገና ነው።

ቢጋሩ የተለካው በገጽ እንጂ በሰዓት ስላልሆነ ነው። ድምፅዎን ከፍ አድርገው ሰዓት ይዘው ይለማመዱ፤ በልብ ማንበብ ከመናገር ስለሚፈጥን ያታልላል። ለ10 ደቂቃ ንግግር ለመግቢያው ከአንድ ደቂቃ ተኩል፣ ለመደምደሚያው ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ ይመድቡና ደቂቃውን በየክፍሉ ኅዳግ ላይ ይጻፉ። ሰዓት ቢያጥር የሚዘለለውን ምሳሌም አስቀድመው በቅንፍ ይክበቡ።

ምልክት፦ ተናጋሪው ከወረቀቱ ቀና አይልም፤ አንዲት ቃል ስታመልጠው ሁሉም ነገር ይጠፋዋል።

መንስኤው የዝግጅቱን ጽሑፍ እንዳለ መድረክ ላይ ይዞ መውጣት ነው። በጽሑፍ አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ (ዓረፍተ ነገሩን የሚቋጨው ግስ) የሚመጣው መጨረሻ ላይ በመሆኑ፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ተናጋሪው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አድማጩም ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ሳያውቅ ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለት ቢጋር ያዘጋጁ። የመጀመሪያው በሙሉ ዓረፍተ ነገሮች የተጻፈ የዝግጅት ቢጋር ሲሆን፣ የሐሳቡ ሰንሰለት የሚፈተሸው በእርሱ ነው። ሁለተኛው በትንሽ ካርድ ላይ በጉልህ ፊደል የሚጻፍ የመናገሪያ ቢጋር ነው፤ ከላይ ላለው ምሳሌ አንዱ ካርድ ይህን ብቻ ይይዛል፦

ቶሎ ያልቃል — ቀይ ሕዋስ 42 ቀን — ፕሌትሌት 5–7 ቀን — (ቆም በል) — «ታዲያ በአደጋው ዕለት…?»

ቁጥሮች፣ ጥቅሶችና መሸጋገሪያዎች ብቻ ሳይጎድሉ ይጻፉ፤ የቀረውን በለመዱት ቋንቋ ይናገሩት። በቃል መሸምደድን አልመክርም፤ የተሸመደደ ንግግር አንዴ ከተቋረጠ የት ላይ እንደሚቀጠል አይታወቅም።

ምልክት፦ መግቢያው ይንዛዛል፣ መጨረሻው «እንግዲህ… ይኸው ነው» በሚል ይበተናል።

መግቢያው መጀመሪያ ስለተጻፈ፣ መደምደሚያው ደግሞ ጭራሽ ስላልተጻፈ ነው። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፤ ከኃይለ ቃሉ ቀጥሎ የንግግሩን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ከዚያ ሐተታውን ያደራጁ፣ መግቢያውን በስተመጨረሻ ያዘጋጁ፤ ምን እንደሚያስተዋውቁ በትክክል የሚያውቁት ያኔ ነውና። መደምደሚያው ላይ አዲስ ነጥብ አያስገቡ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ካርዱ ላይ ሙሉዋን ይጻፉ፣ ቀና ብለው አድማጩን እያዩ ይናገሯት፣ ያመስግኑና ይቀመጡ።