«አለቀብኝ» በእንግሊዝኛ፦ የ«ረን አውት ኦቭ» ችግርና መፍትሔ

ችግር፦ የደም ግፊት መድኃኒትዎ አልቋል። ለሐኪሙ «አይ ፊኒሽድ ማይ ሜዲሲን» ይሉታል። እሱም «ጥሩ» ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ ያልፋል።

ምክንያቱ፦ «ፊኒሽ» መጨረስ ነው። ሐኪሙ የታዘዘልዎትን በአግባቡ ወስደው የጨረሱ ሊመስለው ይችላል። እርስዎ ግን ማለት የፈለጉት «አለቀብኝ፣ ሌላ ይጻፍልኝ» ነው። በአማርኛ «ጨረስኩት» እና «አለቀብኝ» ፈጽሞ አይምታቱብንም። በእንግሊዝኛም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መፍትሔው፦ «አይ ራን አውት ኦቭ ማይ ሜዲሲን» ይበሉ («ራን» የ«ረን» ኃላፊ ጊዜ ነው)። «አይ ኒድ ኤ ሪፊል» (መድኃኒቱ በድጋሚ ይሰጠኝ) ብለው ቢጨምሩበት ደግሞ ነገሩ ያለቀለት ነው። ይህን ያስቀደምኩት ጤና የሚነካ ስለሆነ ነው፤ እባክዎ ለእናት ለአባትዎም ያስጠኑልኝ።

ሥራ ቦታም ያው ነው። ጓንት ሲያልቅ ለአለቃዎ «አይ ፊኒሽድ ዘ ግላቭስ» ካሉ፣ የጨረስኩት እኔ ነኝ ማለትዎ ነው። «ዊ ራን አውት ኦቭ ግላቭስ» ግን ማንንም አይወቅስም።

ችግር፦ «ማይ መኒ ራን አውት ኦቭ» ይላሉ፤ ሰሚው ቀሪውን ይጠብቃል።

ምክንያቱ፦ በአማርኛ የሚያልቀው ገንዘቡ ነው፤ ባለቤቱ የሚገባው በ«ብኝ» በኩል ነው። በእንግሊዝኛው ሰውየው ፊት ሲመጣ፣ ያለቀው ነገር ከ«ኦቭ» በኋላ ይከተላል።

መፍትሔው፦ በሰው ከጀመሩ «ኦቭ» ይግባ፦ «አይ ራን አውት ኦቭ መኒ»። በገንዘቡ ከጀመሩ ይውጣ፦ «ማይ መኒ ራን አውት»። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ችግር፦ ነገሩ ገና ሳያልቅ አልቋል ብለው ያስደነግጣሉ።

መፍትሔው፦ «እያለቀብኝ ነው» ለማለት «አይም ረኒንግ አውት ኦቭ» ይበሉ። ለነዳጅም፣ ለጊዜም፣ ለትዕግሥትም ይሆናል። «አልቆብኛል» ደግሞ «አይ ሀቭ ረን አውት ኦቭ» ነው። ከ«ሀቭ» በኋላ «ራን» አይባልም።

ችግር፦ አሜሪካኖች ሲናገሩት አይሰማም፣ ወይም ትርጉሙ ይሳከራል።

ምክንያቱ፦ በፈጣን ንግግር «አውት ኦቭ» ተዋህዶ «አውዳ» ይመስላል፦ «ዊር ረኒንግ አውዳ ታይም»። በዚያ ላይ ይኸው ሐረግ ሮጦ መውጣትም ይሆናል። «ሺ ራን አውት ኦቭ ዘ ሃውስ» ማለት ከቤት ሮጣ ወጣች ነው።

መፍትሔው፦ ጆሮዎን መጨረሻ ላይ ለሚመጣው ቃል ይስጡ። ወተት፣ ጊዜ ወይም ገንዘብ ከሆነ ማለቅ ነው፤ ቤት ወይም ክፍል ከሆነ መሮጥ ነው።