የአየርላንድ ዘር ፍለጋ የሚቆምባቸው ቦታዎች፦ ችግርና መፍትሄ

ዘር መቁጠር ለኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች አሉን። የአየርላንድ ዘር ግን በአብዛኛው የሚለቀመው ከመዝገብ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ በከፊል አመድ ሆኗል። ባለቤታችሁ ወይም የልጆቻችሁ አያት ከዚያ የመጡ ከሆነና ፍለጋው አልሄድ ካላችሁ፣ ምክንያቱ ከሚከተሉት አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ስሙን ስፈልግ መዓት ሰው ይመጣል»

የምትፈልጉት በስምና «አየርላንድ» በሚል ቃል ብቻ ነው ማለት ነው። ኮርክ በሚባለው ካውንቲ (የአስተዳደር ክፍል) ውስጥ ብቻ ስንት ጆን መርፊ እንዳለ አትጠይቁ። የአየርላንድ መዝገብ የተደራጀው በቦታ ነው፦ 32 ካውንቲዎች፣ ከነሱ ሥር አጥቢያዎች፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ከ60,000 በላይ ታውንላንዶች አሉ። ታውንላንድ ጥቂት ቤቶች ብቻ ያሉበት ቁራሽ መሬት ሊሆን ይችላል። የሱን ስም፣ ቢያንስ የአጥቢያውን፣ ሳትይዙ ወደ አየርላንድ መዝገብ ባትሻገሩ ይሻላል።

ስሙ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በተሰደዱበት አገር ነው። አሜሪካ ከሆነ የመቃብር ድንጋዩን፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብንና የሞት ማስታወቂያዎችን እዩ። ከ1906 በፊት የተሞሉ የዜግነት ወረቀቶች ብዙ ጊዜ «አየርላንድ» ብለው ያልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት የትውልድ ቦታ ይጠይቃሉ። እኔ በጣም የምወደው ግን ቦስተን ይታተም የነበረው «ፓይለት» ጋዜጣ ነው። ከ1831 እስከ 1921 የጠፉ ዘመዶች ማፈላለጊያ ያወጣ ነበር። ወንድሟን የምትፈልግ እህት ካውንቲውን፣ አጥቢያውን፣ አንዳንዴም ታውንላንዱን ትጠቅሳለች።

አንድ ወጥመድ አለ። መርከቡ ከኩዊንስታውን ተነሳ ማለት ሰውየው የዚያ ተወላጅ ነው ማለት አይደለም። ኩዊንስታውን የዛሬው ኮቭ ወደብ ነው፤ ከየቦታው የመጣ ሰው ይሳፈርበት ነበር። «ኪንግስ ካውንቲ» ካገኛችሁ ደግሞ ዛሬ ኦፋሊ የሚባለው ነው፤ «ኩዊንስ ካውንቲ» ሊሽ።

«የ1800ዎቹ የሕዝብ ቆጠራ የለም»

እውነትም የለም። ጁን 30 ቀን 1922፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና ሲጀመር፣ ደብሊን ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤቶች ግቢ ውስጥ የነበረው የመዛግብት ቤት ጋየ። ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት አራት ቆጠራዎች ጥቂት ፍርፋሪ ብቻ ተረፋቸው። የሚያናድደኝ የቀጣዮቹ ነው። የ1861ንና የ1871ን መንግሥት ራሱ አስወገዳቸው፤ የ1881 እና የ1891 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ሆኑ።

በምትካቸው የሚሠሩት የግብር መዝገቦች ናቸው። የአስራት መዝገብ ከ1823 እስከ 1830ዎቹ መጨረሻ፣ የግሪፊዝ የንብረት ግምት ከ1847 እስከ 1864 ይሸፍናሉ። ሁለቱም የሚጽፉት ባለይዞታውን ነው፤ ሚስትና ልጅ አታገኙም። ለቤተሰቡ የካቶሊክ አጥቢያ መዝገቦችን ክፈቱ፤ በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ እስከ 1880 ገደማ ያሉት በነጻ ይታያሉ። የክርስትና አባትና እናት ስም እንዳያመልጣችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሥጋ ዘመድ ናቸው። ከ1864 ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ሁሉ በመንግሥት ተመዝግቧል። የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎችም ሙሉ በሙሉ ተርፈዋል።

«ዕድሜው አልገጥም አለኝ»

በ1901 ቆጠራ 56 ዓመቷ የተባለች ሴት በ1911 ቆጠራ 71 ሆና ብታገኟት ሌላ ሰው ናት ብላችሁ አትለፏት። በመሃል የጡረታ ሕግ ወጥቷል። በ1908 የጸደቀው ሕግ ዕድሜያቸው 70 የሞላና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች ጡረታ እንዲያገኙ ፈቀደ፤ ክፍያው በጃንዋሪ 1909 ተጀመረ። እነዚህ ሰዎች ሲወለዱ የልደት ምዝገባ አልነበረም። ስለዚህ ብዙዎች በአሥር ዓመት ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት አረጁ!

ለፈላጊው ግን ሲሳይ ነው። ዕድሜ ለማረጋገጥ ሲባል ከመቃጠላቸው በፊት የ1841 እና የ1851 ቆጠራዎች እየተገለጡ ይታዩ ነበር። የዚያ ፍለጋ ቅጾች ተርፈው በብሔራዊ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ አሉ። ከእሳቱ ያመለጠ የአባት፣ የእናትና የታውንላንድ ስም እዚያ ልታገኙ ትችላላችሁ።

«ስሙ ከመዝገቡ ጠፋ»

«ኦ» ወይም «ማክ» የሚለውን ቅጥያ አውጥታችሁም አስገብታችሁም ሞክሩ። ብሪጅት ዴሊያ ወይም ቢዲ ተብላ ትገኛለች። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ በላቲን ከሆነ ጄምስ «ያኮቡስ»፣ ዊሊያም «ጉሊየልሙስ» ነው።

«የሞቱትን አገኘሁ፣ በሕይወት ያለ ግን የለም»

የመንግሥት መዝገብ በኢንተርኔት የሚታየው ልደት 100፣ ጋብቻ 75፣ ሞት 50 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ወደ ዛሬ ስትጠጉ በሩ ይዘጋል። ያኔ መሬቱን ተከተሉ። ከግሪፊዝ ግምት በኋላ የመንግሥት የንብረት ግምት ቢሮው መዝገብ ባለይዞታ ሲለወጥ የቀድሞውን ስም በቀለም ሰርዞ ከላዩ አዲሱን ይጽፍ ነበር። የቀለሙ ዓይነት ለውጡ የተደረገበትን ዓመት ይጠቁማል። ደብሊን ያሉት እስከ 1970ዎቹ ይደርሳሉ፤ የሰሜን አየርላንዶቹ በቤልፋስቱ የመንግሥት መዛግብት ቤት ድረ ገጽ ላይ እስከ 1930ዎቹ ይታያሉ።

የመጨረሻውን ስም ስታገኙ አር አይ ፒ ዶት አይ ኢ የተባለውን የአየርላንድ የሞት ማስታወቂያ ድረ ገጽ ፈልጉ። ማስታወቂያው ልጆችን፣ ወንድምና እህትን፣ አጥቢያውንም ይዘረዝራል። «አየርላንድ ሪቺንግ አውት» በሚባለው ድርጅት በኩል ደግሞ የየአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ይረዳሉ። የዲኤንኤ ምርመራ ካሰባችሁ ከቤተሰቡ ትልቁን ሰው አስመርምሩ፤ ትውልድ በራቀ ቁጥር የሚጋሩት ይሳሳል።

ደብዳቤ ስትጽፉ አጭር ይሁን። ማን እንደሆናችሁ፣ በየትኛው ቅድመ አያት እንደምትገናኙ፣ አንድ የድሮ ፎቶ፣ በቃ። የወረሱትን መሬት ግን በመጀመሪያው ደብዳቤ አታንሱት። ከባሕር ማዶ ድንገት ብቅ ብሎ ስለ ርስት የሚጠይቅ ዘመድ እዚያም ያስደነግጣል።