የመርከብን ፍጥነት በቃል ለማስላት

ከጅማ የላካችሁትን ቡና የጫነች መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ከወጣች በኋላ በስልካችሁ የምትከታተሉ ነጋዴዎች፣ ፍጥነቷ የሚጻፈው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በኖት ነው። ቁጥሩን እጥፍ አድርጉና ከውጤቱ አንድ አሥረኛውን ቀንሱ። 15 ኖት ከሆነ እጥፉ 30፣ 3 ሲቀነስ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር። ትክክለኛው 27.8 ገደማ ነው፤ አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር መጓዝ ስለሆነ በዚህ ዘዴ ጥቂት ብቻ ይጎድላል።

የምትፈልጉት የመድረሻዋን ጊዜ ከሆነ ግን ጨርሶ ወደ ኪሎ ሜትር አትቀይሩ። ከሁሉም የሚጠቅመው ይኸኛው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ያልፈዋል። የቀረውን ርቀት በባሕር ማይል ወስዳችሁ ለኖቱ ስታካፍሉ የሚወጣው በቀጥታ ሰዓት ነው። 3,600 የባሕር ማይል ለ15 ሲካፈል 240 ሰዓት፣ ማለትም 10 ቀን። ርቀቱ በየብስ ማይል የተጻፈ እንዳይሆን ብቻ አረጋግጡ፤ የየብሱ 1,609 ሜትር ነው።

መርከቧ በመንገዷ ሌሎች ወደቦች የምትገባ ወይም መልሕቅ ጥላ ተራ የምትጠብቅ ከሆነ በዚህ ስሌት ለገዢ ቀን አትቁረጡ።