መታ ወይስ መጣ? ለአንደኛ ክፍል አስተማሪዎች

ድሬ ላይ አንደኛ ክፍል ለምታስተምሩ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። በሶማልኛ አፉን የፈታ ልጅ «መጣ»ን «መታ» ብሎ ካነበበ ፊደሉ ጠፍቶት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ሶማልኛ ጠ እና ጨን የመሰሉ ፈንጂ ድምፆች የሉትም። ልጁ ልዩነቱን ገና በጆሮው አልያዘውም። ኦሮምኛ ግን ሁለቱም አሉት፤ ስለዚህ ኦሮምኛ ተናጋሪውን ልጅ አጠገቡ አስቀምጡለት።

ጠመኔ ከማንሳታችሁ በፊት በጆሮ ጀምሩ። አፋችሁን በደብተር ሸፍኑ። «መታ» ስትሉ ያጨብጭቡ፣ «መጣ» ስትሉ ብድግ ይበሉ። ቅደም ተከተሉን አዘበራርቁት፣ አለዚያ ይሸመድዱታል። ቀጥሎ ልጁ መዳፉን አፉ ፊት ይዞ ራሱ ይበለው። ተ ላይ ትንፋሹ ለስለስ ብሎ መዳፉን ይነካዋል። ጠ ላይ ድምፁ ጧ ብሎ ይፈነዳል። ልዩነቱ ሲገባው ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ፤ ከማስተማር ሁሉ እኔ የምወዳት ቅጽበት እሷ ናት።

ታ እና ጣን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የምትጽፉት ከዚህ በኋላ ነው። «ተረበ» እና «ጠረበ»ንም በዚሁ መንገድ ሞክሩ። ልጁ ሲሳሳት ክፍሉ ፊት አታርሙት። ቃሉን ራሳችሁ በትክክል ደግማችሁ በሉለትና እለፉ።