«ሁለት ዓመት አልፎታል» ለተባላችሁ፦ ውጭ ሆኖ የካሳ ክስ ስለ ማቅረብ

የአክስቴ ልጅ ዛሬ እኔ ባለሁበት አገር ትኖራለች። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ደላላ «ዐረብ አገር ለቤት ሥራ» ብሎ ከመንዝ አስወጣትና መንገድ ላይ ለሌሎች አሳልፎ ሰጣት። የደረሰባትን ለመናገር ዓመታት ፈጅቶባታል። በመጨረሻ ካሳ ለመጠየቅ ስትቆርጥ ታላቅ ወንድሟ ወረቀቱን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ወረደ። ማታ ደወለልኝ፤ «ወንድም ዓለም፣ የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ያልቃል ብለው መለሱኝ» አለ። የነገረው ሰው ፍርድ ቤት ደጅ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ነው። ስንቱ ሰው በዚህች አንዲት ቃል ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ ሳስበው ያንገበግበኛል።

የሁለት ዓመቱ ነገር ከሕጉ የተወሰደ ነው፤ ግን ከግማሹ ብቻ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በ2 ዓመት ውስጥ ነው ይላል። እዚያው ሥር ግን ጉዳቱ የመጣው ከወንጀል ከሆነና የወንጀል ሕጉ የበለጠ ረጅም ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ካስቀመጠ፣ ካሳውም በረጅሙ ይቆጠራል ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 217 ደግሞ ዘመኑን በቅጣቱ ጣሪያ ይለካል። ጣሪያው ከ10 ዓመት ጽኑ እስራት ካለፈ ይርጋው 20 ዓመት ነው፤ ከ5 በልጦ እስከ 10 ከሆነ 15 ዓመት። አስገድዶ መድፈር እስከ 15 ዓመት ስለሚያስቀጣ ከ20ው ውስጥ ይገባል። ጠለፋ ጣሪያው 10 ነውና ይርጋው 15 ዓመት ነው። በሰው መነገድም በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከ7 እስከ 12 ዓመት ስለሚያስቀጣ፣ በዚሁ ስሌት 20 ዓመት ይደርሳል። የአክስቴ ልጅ ጉዳይ ገና ብዙ ዓመት አለው ማለት ነው።

ሌላም አለ። ይርጋን ዳኛው በራሱ አያነሣም፤ ተከሳሹ ራሱ መቃወም አለበት። ቢቃወምም እንኳ ተበዳዩ ዝም ያለው በዝምድና ወይም በበታችነት ታስሮ ከሆነ ፍርድ ቤቱ መቃወሚያውን ሊጥለው ይችላል። በዳዩ አጎት ወይም አሠሪ ለሆነባቸው ይህች የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ (1853) ትልቅ ነገር ናት፤ ጠበቃችሁ እንዳይረሳት።

አሁን ወደ ውክልናው። እኛን ሁለተኛ ጊዜ ያስመለሰን እሱ ነው። ወንድሟ የያዘው ውክልና «ማናቸውንም ጉዳዬን እንዲያከናውንልኝ» የሚል ነበር፤ ሬጅስትራሯ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ «ክስ የሚል ቃል የታለ?» አለችው። ልክ ነበረች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ክስ ማቅረብና መከራከር ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስትሄዱ «ክስ እንዲመሠርት፣ እንዲከራከር፣ ይግባኝ እንዲል፣ ጠበቃ እንዲወክል» የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል፤ ለዚህ የሚሆን ጊዜ ያዙ።

መታረቅም በዚያው ቁጥር ልዩ ውክልና ይፈልጋል። በዚህ ላይ እለምናችኋለሁ፤ አትስጡ። የሰሜን ሸዋ ሽማግሌ ደጅ ሲጠና እንዴት እንደሚያስጨንቅ የምናውቀው ነን፤ «ገመናችን አደባባይ አይውጣ» ሲባል ስንት ደግ ወንድም ተሸንፎ የእኅቱን መብት በአንድ በሬ ዋጋ ጨርሷል። «የመታረቅ ሥልጣን አልሰጠሁም» ብላችሁ አስጽፉ። ሽምግልና መቀመጥ ብቻውን ይርጋን አያቋርጥም፤ የሚያቋርጠው ክስ ፍርድ ቤት መግባቱ ወይም በዳዩ ዕዳውን ማመኑ ነው። ሽማግሌ ፊት አምኖ ከፈረመ ግን ያንን ወረቀት በጥንቃቄ ያዙት።

ቀኖቹን አደራ። የሕክምና ማስረጃው በእኛ አቆጣጠር፣ የጉዞ ሰነዱ በፈረንጅ ይሆናል። እኛ በየወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ቀን አስጻፍን፤ ወንድሟ አዲሱን ውክልና ይዞ ሲመለስ ሬጅስትራሯ መዝገብ ከፈተችለት።