ሙሉ ኢንሹራንስ ስትገቡም ሆነ መኪናችሁ ስትገጭ ምን ታረጋላችሁ?

«ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ምን አስጨነቀኝ» የሚል ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በስንት ብር አስመዘገብከው ብዬ ነው፣ ሙሉ የምትለዋ ቃል ስንቱን ሸውዳለች፣ እኔንም ጨምሮ።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። የያዛችሁት የቱን እንደሆነ አውጥታችሁ እዩ። መስታወት ላይ የምትለጠፈዋ የሶስተኛ ወገን ናት፣ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ናት፣ የምትከፍለው ግን ለገጫችሁት ሰውና ንብረት ነው እሱም እስከተወሰነው የብር ጣሪያ ድረስ። የራሳችሁ ኮፈን ቢጨራመት አያገባትም። የራሳችሁን መኪና የሚያሰራላችሁ ሙሉ የሚባለው ነው፦ ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳት፣ መኪናው እንዳለ ቢሰረቅ፣ እነዚህ አብዛኛው ፖሊሲ ላይ አሉ። ስፖኪዮና ፍሬቻ ስርቆት ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ አንዳንዱ ኩባንያ ለብቻው ካላስከፈለ አይሸፍንም። ሁከትና ረብሻም እንደዛው፣ ተጨማሪ ተከፍሎ ነው የሚገባው። ክፍለ ሀገር የምትመላለሱ ከሆነ ደሞ የሽፍታውን ነገር ጠይቁ፣ አዎ የሽፍታ የሚባል ተጨማሪ ሽፋን አለ።

የማይሸፍነውን ማንበብ ይሻላል እንዲያውም። ሞተር ነክሶ ቢቆም፣ ካምቢዮ ቢበላሽ፣ ጎማ ብቻውን ቢፈነዳ አይከፈልም፣ እርጅና ነው ይላችኋል። ሹፌሩ ጠጥቶ ከነበረ ወይ መንጃ ፈቃዱ ለዛ መኪና የማይሆን ከሆነ በቃ እርሱት። ለቤት ብላችሁ ኢንሹራንስ አስገብታችሁ ታክሲ የምትሰሩበትም እንዲሁ፣ ሰላም እስካለ ማንም አይጠይቃችሁም፣ የተገጨ ቀን ነው የሚጠየቀው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ የተመዘገበበት ዋጋ። ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፣ የኔ ቪትዝ ግን ወረቀቱ ላይ 600 ሺህ እንደሆነች ነበር፣ አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ በየዓመቱ የምከፍለው) እንዳይጨምር ብዬ በየዓመቱ ዝም ብዬ አድሳለሁ። ከዛ መገናኛ ጋር አንዱ ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ያዘና ከኋላው ገባሁበት፣ ፓራውርት፣ ኮፈን፣ የፊት መብራት ሁሉም ሄደ። ማሰሪያው 120 ሺህ ወጣ። የኢንሹራንሱ ልጅ ካልኩሌተር አውጥቶ «ወንድሜ መኪናዋ አሁን 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ታወጣለች፣ አንተ ግማሹን ነው ያስመዘገብከው፣ ስለዚህ ጉዳቱንም ግማሹን ነው የምንከፍለው» አለኝ። 60 ሺህ። ከሷ ላይ ኤክሰስ 5 ሺህ ተነሳ፣ ቀረች 55። 65 ሺውን ከኪሴ ከፈልኩ፣ በአረቦን አተረፍኩ ያልኩትን ሁሉ በአንድ ቀን ማለት ነው። ስለዚህ ስታድሱ ደላላም ይሁን ኢንተርኔት ጠይቁና የዛሬውን ዋጋ አስገቡ። ኤክሰስ ማለት በእያንዳንዱ ጉዳት ላይ እናንተ የምትችሏት ድርሻ ናት፣ ስንት እንደሆነች ሳትፈርሙ በፊት እወቁ።

ከተገጫችሁ መጀመሪያ ሰው ተጎድቶ እንደሆነ እዩ፣ ሕክምና ይቀድማል። መኪናውን ሳታንቀሳቅሱ ፎቶ አንሱ፣ ታርጋው፣ የጎማው ምልክት፣ ጠቅላላ መንገዱ ይታይ። ትራፊክ ጥሩ፣ ፕላን (የግጭቱ ንድፍ) ይነሳ። እዛው ቆማችሁ «ጥፋቱ የኔ ነው አሰራልሃለሁ» ብላችሁ ቃል እንዳትገቡ፣ እኛ ሳናውቅ ነው የተስማማኸው ብለው ኢንሹራንሱ ይሸሻል። በዛው ቀን ደውሉ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በማግስቱ ቢሮ ሂዳችሁ ፎርሙን ሙሉ፣ ሊብሬና የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ኮፒ ያዙ፣ የትራፊኩ ሪፖርት በኋላ ይደርሳል። ከተሰረቀ ግን ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ።

የኢንሹራንሱ ገምጋሚ ሳያይ አንድ ብሎን እንዳታስፈቱ። ከዛ ጋራዦች ዋጋ ይሰጣሉ፣ ባብዛኛው ዝቅ ያለው ያሸንፋል፣ እዚች ጋ ነው መጨቃጨቅ ያለባችሁ፣ ያረጀ መኪና ላይ አዲስ ዕቃ ሲገባ የእርጅና ይቀነሳል ወይ፣ መብራቱ ኦርጅናል ነው ወይስ ኮፒ፣ ባቲላሜራው የሚያቃናው ነው ወይስ የሚቀየር፣ ሁሉንም በጽሑፍ። ትንሽ ጭረት ከሆነ ግን እንዳትለፉ፣ ኤክሰሷን ስትቀንሱ የሚተርፍ ነገር የለም፣ ያለ ክሌም (ካሳ ሳትጠይቁ) ዓመቱን ስትጨርሱ የምታገኙት ቅናሽም ይሄዳል።

መኪናውን ከጋራዡ ስትረከቡ «ረክቼ ተረክቤያለሁ» የሚል ወረቀት ያስፈርሟችኋል። ሳትፈርሙ ኮፈኑን ከፍታችሁ ዝጉ፣ ቀለሙን ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ እዩ፣ መብራት ሁሉ አብሩ። እኔ ፈርሜ ከወጣሁ በኋላ ነው የቀኙ ፍሬቻ እንደማይበራ ያወቅኩት፣ ስመለስ የጋራዡ ልጅ ፊርማዬን ነው ያሳየኝ።