አሮጌ ቮልስን ለሐረጎ ዳገትና ቁልቁለት እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

ደሴ ላይ የድሮ መኪና ወሬ ከተነሳ ቡናው በረካ ደርሶም አያልቅም። አንዱ አባቱ ሲነዱት የነበረውን ፔጆ 404 ያነሳል። ሌላው ፊያት 124 ይላል። ከዚያ አንዱ «ቮልስ» ይልና ሁሉም ፈገግ ይላል። ያቺን ከኋላዋ እንደ ስፌት መኪና እየተንጣጣች የምትመጣዋን ዓይን ሳያያት ጆሮ ያውቃታል።

ወሬው መሠረት አለው። ኬንያ የሚካሄደውን የሳፋሪ ራሊ በፈረንጆቹ 1954፣ 1957 እና 1962 ያሸነፈችው ይህችው ቮልስ ነች። ከ1963 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ደግሞ ፔጆ 404 አራት ጊዜ ወስዳዋለች። የመጀመሪያዋ ፖርሽ 356 በ1948 ስትሠራም ሞተሯ የመጣው ከቮልስ ነበር። ስለዚህ ቮልሱን «ስፖርት መኪና ነች» ብሎ የሚኩራራ ጓደኛ ካላችሁ ዝም በሉት፤ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም።

ይህን የምጽፈው ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ የሚያድርባትን ቮልስ አንስቶ ኮምቦልቻ ደርሶ ለመመለስ ላሰበ ሰው ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ግን ወደ 600 ሜትር ይጠጋል፤ መሐል ላይ ደግሞ ጠመዝማዛው ሐረጎ አለ። እዚህ ላይ ጉዳዩ ሳይግል መውጣት፣ ፍሬን ሳይበጠስ መውረድ ነው። የእኔ ቅደም ተከተልም ከዚህ ይነሳል፦ ፍሬን፣ ከዚያ ሞተር፣ ጌጥ ብር ከተረፈ።

ሳትገዙ በፊት

ሊብሬውን ያዙና የኋላውን መቀመጫ አንሱ። የሻንሲ ቁጥሩ መሐል ለመሐል በሚያልፈው የብረት ጉብታ ላይ ተመትቷል። የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው በታች ነው። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር ካልገጠሙ የቀለሟ ማማር አያታልላችሁ። በኋላ ቦሎ ስታወጡ የምትሰቃዩት እናንተ ናችሁ።

መቀመጫው እንደተነሳ ባትሪውንም አውጡት። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያው፣ በቀኝ በኩል ነው። ለዓመታት የተንጠባጠበው አሲድ ከሥሩ ያለውን ላሜራ በልቶት ይሆናል። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉት። «ቋ» ካለ ደህና ነው። ከሰመጠ ላሜራ ቆርጦ መበየድ ይጠበቅባችኋልና ዋጋው ላይ ተከራከሩ። የደሴ ክረምትና ጉም ለላሜራ አይራራም። በሮቹ ሥር ያለውንም ደረጃ እንዲሁ ፈትሹ።

ፍሬን

አንድ ነገር ልናዘዝ። የመጀመሪያዋን ቮልሴን የነዳኋት ሞተሯን አሠርቼ፣ ፍሬኗን «ይይዛል» ብዬ ትቼ ነው። ሐረጎን በአራተኛ ማርሽ፣ እግሬን ፍሬን ላይ እንደጫንኩ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ልገባ ስል የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ መጣ። ከዚያ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ወለሉ ድረስ ሄደ። ደጋግሜ ረግጬ፣ ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ ከአንድ የአሸዋ ክምር ጎን ቆምኩ። ጎማው አጠገብ እጅ ማስጠጋት አይቻልም ነበር። አንድ የሰሌን ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ቀረብ ብለው «አብሽር ልጄ፣ መትረፍህ ነው ትልቁ» አሉኝ። ውሃ ላፍስበት ስል ደግሞ «ተው! ብረቱን ትሰነጥቀዋለህ» ብለው ከለከሉኝ። ልክ ነበሩ።

የሆነው እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዓመታት ሲቆይ ውስጡ ውሃ ይበዛል። ፍሬኑ ሲግል ውሃው ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ግፊቱን ወደ ጎማ አያደርስም። ስለዚህ፦

አራቱንም ጎማዎች አውልቁ። ክሪኩ ላይ ብቻ ተማምናችሁ ከሥሯ እንዳትገቡ፤ ጠንካራ ማቆሚያ አድርጉላት። ታምቡሩን አውጥታችሁ የፍሬን ሸራውን እዩ። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ መለወጥ ነው። የውስጥ ጎሚኒዎቹን በሙሉ ቀይሩ። የፍሬን ጎማ ቱቦዎችንም እንዲሁ፤ ከውጭ አዲስ መስለው ከውስጥ አብጠው መንገዱን የዘጉ ብዙ አይቻለሁ። ፍሬኑ ወደ አንድ በኩል የሚጎትት ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው እነሱን ነው።

ከዚያ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ አዲስ ሙሉ። ከፍሬን መስመሩ አየር ስታስወጡ ከዘይት ማጠራቀሚያው በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። አንድ ሰው ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከታች የአየር ማስወጫዋን ብሎን ይከፍታል ይዘጋል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። በመጨረሻ በታምቡሩ ቀዳዳ በኩል ካቻቢቴ አስገብታችሁ ማስተካከያውን ጎማው እስኪያዝ አዙሩት፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ጥርስ መልሱት። ጎማው በነፃ መሽከርከር አለበት።

በጣም የድሮዎቹ ቮልሶች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ባለ ሁለት መስመሩን የሚያስገባላችሁ ጥሩ መካኒክ ካገኛችሁ ሌላውን ወጪ ሁሉ አዘግይታችሁ ይህን አሠሩ።

አወራረዱም ራሱ የዝግጅቱ አካል ነው። በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሦስተኛ፣ ጠምዛዛው ላይ ሁለተኛ። ፍሬኑን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ይንፈስ። ቤንዚን ቆጥባለሁ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው መኪና ውስጥ እኔ አልገባም።

ሞተር

የቮልስ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚበርደው በአየርና በዘይት ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነች። የወረቀት ፊልትሮ የላትም፤ ከሥር ወንፊት አለቻት። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን ስትቀይሩ ወንፊቱን አውጥታችሁ እጠቡ። ወንፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ፍርፋሪ ካያችሁ ጉዞውን አዘግዩት።

የቫልቭ ክፍተት ላይ፣ ማለትም በቫልቩ ጫፍና በሚመታው ብረት መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ላይ፣ ትንሽ ልቆይ፤ ቮልስን የሚገድለው እሱ ነው። መካኒኬ ከሸዋ በር ወረድ ብሎ የሚሠሩ ጋሼ ናቸው። አንድ ቀን ከኩታበር መልስ ቀጥታ ወስጄላቸው «ጋሼ፣ ቫልቯን ይዩልኝ» አልኳቸው። እጃቸውን ሞተሯ ላይ ጫኑና ሳቁ። «ትኩስ ነች እኮ። እዚሁ ትደር፤ አንተ ነገ ከፀሐይ በፊት ና።» እውነት ነው፤ የሚለካው ሌሊቱን ቆማ ካደረች በኋላ ብቻ ነው።

ጠዋት የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ይከፍታሉ። የሞተሩን ፑሊ በቁልፍ እያዞሩ ጠርዙ ላይ ያለችውን ጭረት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር ያገጥማሉ። የውስጠኛው ጣት ዲስትሪቢዩተሩ ከንፈር ላይ ወዳለችው ምልክት ካመለከተ አንደኛው ሲሊንደር ዝግጁ ነው፤ በቀኝ በኩል፣ ወደ ተሳፋሪው የቀረበው። 0.15 ሚሊ ሜትር ስስ መለኪያ በቫልቩ ጫፍና በመቺው መካከል ይገባል። ትንሽ ያዝ እያደረገ መውጣት አለበት። ከዚያ ፑሊው ወደ ግራ ግማሽ ዙር፣ ሁለተኛው ሲሊንደር። እንደገና ግማሽ፣ ሦስተኛው። እንደገና፣ አራተኛው።

ሦስተኛው ላይ ጋሼ ሁልጊዜ ይዘገያሉ። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ስለሆነ የሚደርሰውን ንፋስ ይሻማዋል። መጀመሪያ የሚቃጠለው የጭስ ማውጫ ቫልቭ የእሱ ነው። «ቫልቯ ትንሽ ስታንኳኳ አትፍራ» ይሉኛል። «ዝም ስትል ፍራ።» ክፍተቱ ሲጠብ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ያኔ ነው የሚቃጠለው።

ሁለተኛው አሳሳቢ ነገር ቺንጋው ነው። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። ከተበጠሰ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። በሌላ መኪና «ባትሪ አይሞላም» ብሎ ቤት ድረስ መንዳት ይቻላል። በቮልስ ግን ማራገቢያውም ቆሟል ማለት ነው፤ ወዲያው አጥፉ። መሐሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሰምጥ ልክ ነው። መለዋወጫ ቺንጋና የሚፈታበትን ቁልፍ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጡ። እኔ ከአንድ ሱቅ ኦሪጅናል ተብሎ የተሸጠልኝ ሦስት ሳምንት ነው የቆየው፤ የተበጠሰው ደግሞ ዝናብ ውስጥ ነው።

የቤንዚን ጎማ ቱቦዎችንም ቀይሩ። ርካሽ ናቸው። ሞተሩ ላይ ቤንዚን ከተንጠባጠበ ግን መኪናዋን ሙሉ ያስበላል። ትንሽ የእሳት ማጥፊያ ከፊት መቀመጫው አጠገብ ይኑር።

ለደሴ አየር ማስተካከል

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነች። እዚህ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ 40 ፈረስ ጉልበት የተባለላት ሞተር እዚህ 30 ምናምን ብትሰጥ አትቆጧት፤ አየሩ ነው።

ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም። ለቆላ የተለካውን ቤንዚን ለደጋ ያፈሳል። ምልክቱን ከካንዴላ አንብቡት። ከዳገት በኋላ ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። የተቆላ ቡና ከመሰለ ተስማምቷታል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷታል፣ ሞተሩም ይግላል። ለጥቁሩ መፍትሔው ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን የነሐስ ቀዳዳ አንድ ቁጥር ባነሰች መለወጥ ነው። የተጻፈባት ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር። ብዙ እንዳትቀንሱ፤ ኮምቦልቻ ስትወርዱ አየሩ እንደገና ይወፍራል።

ማሳመር

እዚህ ላይ ከወጣቶቹ ጋር አንግባባም። ማርሚታ አውጥቶ ማስጮህ ጉልበት አይጨምርም፤ ሰፈር ይቀሰቅሳል እንጂ። ዝቅ ማድረግም እንዲሁ ነው፤ የእኛ አስፋልት ጉድጓድ ሲያጋጥማት ሆዷን ትጎትታለች።

ብሬ የሚሄደው ጎማ ላይ ነው። ጥሩ ራዲያል ጎማ አድርጉላትና ነፋሱን ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒኤስአይ ሙሉ። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ልዩነቱ የግድ ነው። የድሮዎቹ ቮልሶች ጠምዛዛ ላይ ሌላ አመል አላቸው፦ በፍጥነት ገብታችሁ መሐል ላይ ቤንዚን ድንገት ከለቀቃችሁ የኋላ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ይታጠፉና ቂጧን ትወረውራለች። ሳትገቡ ቀንሱ፤ ከገባችሁ በኋላ ቤንዚኑን በስሱ ያዙ። ፖርቶመጋላም አውርዱላት፤ ያምራል፣ ግን ይከብዳታል።

የሰዓት ጨዋታው

አሁን እኔና ጓደኞቼ በእነዚህ መኪኖች ወደምናደርገው ውድድር። ክፍት መንገድ ላይ ሽቅድምድም የለም፤ ሐረጎ ላይ ሲኖትራክ፣ በግና የትምህርት ቤት ልጅ አለ። እኛ የምንጫወተው የሰዓት ጨዋታ ነው።

አንድ ሰው መንገዱን በቆጣሪ ይለካል። የእኛ 24 ኪሎ ሜትር ነች። አማካይ ፍጥነት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይባላል፤ ስለዚህ በ40 ደቂቃ መድረስ ነው። ቀድሞ የደረሰ ይቀጣል፣ የዘገየም ይቀጣል፤ ለእያንዳንዱ ሰከንድ አንድ ነጥብ። መሐል ላይ፣ ማንም በማያውቀው ቦታ፣ አንድ ጓደኛችን ሰዓት ይዞ ይቆማል። 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ 20 ደቂቃ ማሳየት አለበት። ይህ መጀመሪያ በርሮ መጨረሻ ላይ የሚያዘግመውን ብልጣ ብልጥ ይይዘዋል። ስልክ ሁሉ ተሰብስቦ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ሰዓት ግን የግድግዳም ቢሆን ይፈቀዳል፤ አንዱ በእርግጥ ይዞ መጥቷል።

እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ጉም ከሌለ፣ መኪኖቹ በሁለት ሁለት ደቂቃ ልዩነት ይነሳሉ። ጉም ካለ ቁርስ ይበላል፣ ጨዋታው ይቀራል። ለትራፊክ ፖሊስ ቀድመን እንነግራለን። ባለፈው አንዱ ትራፊክ «ታዲያ ማን ቀደመ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የቀደመው ተቀጣ» ስለው በደንብ ሳቀ።

አሸናፊው ሽልማት የለውም። ተሸናፊው ሐይቅ ወርደን የምንበላውን ዓሣ ይከፍላል። እስካሁን ሁለቴ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቴም ስለቸኮልኩ።